ያለ መነጽር ጥልቀትን የሚያሳይ ስክሪን በቤት ስለ መሥራት

ለሰው ሁለት ዓይን የተሰጠው አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲተካው ብቻ አይደለም። የአዋቂ ሰው ዓይኖች በመካከለኛ ግምት 64 ሚሊ ሜትር ያህል ተራርቀው ስለሚገኙ፣ አንዱን ነገር እያንዳንዳቸው ከየስፍራቸው ሆነው ያዩታል። አንባቢዎቻችን ይህን ለመረዳት ቢፈልጉ፣ አንድ ጣታቸውን ከፊታቸው አቁመው ሁለቱን ዓይኖች በየተራ ቢጨፍኑ፣ ጣታቸው በስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ሲዘል ያዩታል። እኛ በችሎት አገልግሎታችን እንደምናስተውለው፣ ሁለት እውነተኞች ምስክሮች ስለ አንድ ነገር ከየቆሙበት ስፍራ ያዩትን ሲናገሩ ቃላቸው በጥቂቱ መለያየቱ አይቀርም፤ ዳኛውም ሁለቱን አስተያይቶ የነገሩን ሙሉ መልክ ይረዳል። እንዲሁም የሰው አእምሮ የሁለቱን ዓይኖች ምስክርነት አስተያይቶ የትኛው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደ ሆነ ይፈርዳል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዊትስቶን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ ይህን ነገር በግልጥ አስረድቷል።

እንግዲህ የቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ሥዕል ዝርግ ሆኖ የሚታየን ለሁለቱም ዓይን አንዱኑ ሥዕል ስለሚሰጥ ነው። በሲኒማ ቤት ‹ስሪ ዲ› የሚባለውን ሥዕል ለማየት መነጽር የሚታደለውም፣ ለግራው ዓይን የግራውን፣ ለቀኙም የቀኙን ሥዕል ለይቶ ለማድረስ ነው። መነጽሩን ካስቀረነው ግን ይህን የመለየት ሥራ ስክሪኑ ራሱ ሊሠራው ይገባል። ነገሩ ከባድ መስሎ ቢታይም በየቤቱና በየገበያው ከሚገኝ ዕቃ ሊጀመር የሚችል መሆኑን፣ ለቤተ ሰብም ምን እንደሚጠቅም በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት እንወዳለን።

የጥበቡ መሠረት አጥር ነው። አሜሪካዊው ፍሬደሪክ አይቭስ በ1903 የፈጠራ ባለመብትነት ባገኘበት አሠራር፣ ሁለቱ ሥዕሎች በቀጫጭን ቋሚ ዐምዶች ይሰነጠቁና አንዱ ዐምድ ከግራው ሥዕል፣ ቀጥሎ ያለው ከቀኙ እየሆነ ይሰለፋሉ። ከፊታቸውም ጥቁር መስመርና ክፍተት የሚፈራረቁበት ስስ አጥር ይቆማል። ሁለቱ ዓይኖች በአንዱ ክፍተት በኩል በተለያየ ማዕዘን ስለሚያዩ፣ አንዱ ዓይን የግራውን ሥዕል ዐምድ፣ ሌላው የቀኙን ያገኛል፤ በአጥር ቀዳዳ አሻግሮ የሚመለከት ልጅ ራሱን ጥቂት ባዛወረ ቁጥር ሌላ ነገር እንደሚያይ ማለት ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2011 በአገሩ በ25,000 የን ለገበያ ያቀረበው የእጅ መጫወቻም ጥልቀትን ያለ መነጽር ያሳይ የነበረው በዚሁ ሕግ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት አንድ የኮምፒዩተር ስክሪን፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመስኮት መስተዋት፣ በሌዘር ማተሚያ መስመር የሚታተምበት ግልጽ ፕላስቲክ፣ እንዲሁም ፎቶግራፍ የሚያነሣ የእጅ ስልክ ናቸው። በመጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ረከቦት ላይ የተቀመጠ ጀበናና ሲኒ፣ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም ስልኩ ሳይጣመም 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ተዛውሮ ሁለተኛው ይነሣል። ቀጥሎ በኮምፒዩተር የሥዕል ፕሮግራም 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው ዐምድ ከአንዱ ሥዕል፣ 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ከሌላው እየሆኑ እስከ መጨረሻው ይቀላቀላሉ። የተቀላቀለው ሥዕል በስክሪኑ ላይ ሳይሰፋና ሳይጠብ፣ አንዱ ዐምድ በአንዱ የስክሪን ዐምድ ላይ እንዲያርፍ ያስፈልጋል። መስመር የታተመበት ፕላስቲክም በመስተዋቱ ላይ በተመልካቹ በኩል ተለጥፎ ከስክሪኑ ፊት ይቆማል። የመስተዋቱ ጠርዝ እጅ እንዳይቈርጥ ቆራጩ እንዲሞርደው ማድረግ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልኩ ነው። የአንዱ የስክሪን ዐምድ ስፋት 0.27 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ተመልካቹም 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ በአጥሩና በዐምዶቹ መካከል የሚያስፈልገው ርቀት 0.27 በ600 ተባዝቶ ለ64 ሲካፈል ይገኛል፤ ይኸውም ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ግን በመካከሉ ያለው ባዶ አየር ሲሆን ነው። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ፣ መስተዋት ሲሆን ውፍረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሊሆን ይገባል፤ የስክሪኑ የራሱ የፊት መስተዋት ሲጨመርበት ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ መስተዋት ለዚህ የተቃረበ ነው። ለሁለት ዐምድ አንድ ክፍተት ስለሚበቃም፣ የቸኰለ ሰው ከክፍተት እስከ ክፍተት 0.54 ሚሊ ሜትር ነው ብሎ ያትም ይሆናል። ትክክለኛው ግን 0.5377 ነው፤ አጥሩ ከዐምዶቹ ይልቅ ለዓይን የቀረበ ስለ ሆነ ጥቂት መጥበብ አለበትና። ይህ ልዩነት በአንዱ መስመር ላይ ከቁጥር የማይገባ ቢመስልም፣ ከስክሪኑ መካከል 24 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከጠርዙ ሲደርስ ተጠራቅሞ 1 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ወደ አራት ዐምድ ያህል ይሆናል፤ በመካከል ያማረው ሥዕልም በዳር ይደበላለቃል። ስለዚህ ልካቸው በጥቂት በጥቂቱ የሚለያይ ሦስት ወይም አራት አጥር አትሞ መሞከር ይሻላል። ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁም ቅርብ ሆኖ ቢታይ ሥዕሎቹ ዓይን ተለዋውጠዋልና አጥሩን በአንድ ዐምድ ልክ ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ነው።

ዳሩ ግን ጥልቀት በከንቱ አይገኝም። አጥሩ የብርሃኑን እኩሌታ ያስቀራል፤ ለእያንዳንዱ ዓይንም የሚደርሰው የዐምዶቹ እኩሌታ ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ከስፍራው ፈቀቅ ካለም ሥዕሉ ይደፈርሳል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2010 ሁለት የኤል ሲ ዲ ስክሪኖችን አነባብረው፣ የፊተኛውን እንደ ሥዕሉ ዓይነት ቅርጹን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ አጥር በማድረግ የሚባክነውን ብርሃን መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል። የእነርሱን መንገድ መከተል ግን ስክሪን መፍታትን ይጠይቃል። በብዙ አሮጌ ስክሪኖች ውስጥ መብራቱን የሚያበራው ክፍል እጅግ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ስላለው፣ ይህ ለልጆች እጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ስክሪኑ ተሠርቶ ቤተ ሰቡ በየተራው ሲቀመጥ፣ ሌሎቹ ‹ጀበናው ወደ ፊት ብቅ አለ› ሲሉ አንዱ ልጅ ‹ለእኔ ዝርግ ነው› ይል ይሆናል። እንዲህ የሚለውን ልጅ ቸኵሏል ወይም ግትር ሆኗል ብሎ መቈጣት አይገባም። የልጅ ዓይኖች ከአዋቂ ዓይኖች ይልቅ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ፣ አስቀድሞ ልጁን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ቀረብ አድርጎ ጭንቅላቱን ወደ ጎን በጥቂቱ እያዛወረ እንዲሞክር ማድረግ ነው። ከዚያም በኋላ ካላየ፣ አንዱ ዓይን ደክሞ ወይም ሁለቱ አብረው መሥራት ተስኗቸው ሊሆን ይችላልና ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ይገባል። አንዱ ዓይን ሲደክም ሌላው ሥራውን ስለሚሸፍንለት ልጁ ራሱ ጕድለቱን አያውቀውም፤ አእምሮውም የደካማውን ዓይን ምስክርነት እያደር መስማቱን ይተዋል። በመነጽር ወይም ጤነኛውን ዓይን ለጊዜው በመሸፈን የሚደረገው ሕክምና ይበልጥ የሚጠቅመው ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሲጀመር ነው።

ይህ ስክሪን ግን የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ጥልቀቱን ያየ ልጅ ሁሉ ዓይኑ ፍጹም ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ኒንቴንዶም መጫወቻውን ባወጣ ጊዜ 6 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ጥልቀት ያለውን ሥዕል እንዳይመለከቱ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ሥራውን ከፍ ላሉት ልጆች አድርጎ፣ የታናናሾቹን ዓይን ስክሪን ሳይጠብቁ በጊዜው ማስመርመር የወላጆች ፈንታ ነው። ያለ መነጽር እንዲታይ የተሠራው ስክሪን መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ በጊዜ ቢያስታውቅ ለሥራው የወጣው ድካም በከንቱ አልቀረምና፣ ወላጆች የልጁን ቃል በትዕግሥት እንዲያደምጡ እንመክራለን።