ለአሮጌ መኪና አዲስ ጋዝ፣ ለባለመኪናው አሮጌ ማታለያ

«ኤሲው አልቀዘቅዝ አለ? ጋዝ አልቆ ነው ጌታዬ፣ አሁን ይሞላል!» ይህችን አባባል መኪና ይዞ ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቃታል። ለመሆኑ የኤሲ ጋዝ እንዴት ነው የሚያልቀው? ቤንዚን ነው እንዴ? ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ነው። አይቃጠልም፣ አይበላም። ጎደለ ማለት አንድ ቦታ አፈሰሰ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ መካኒክ በወንፊት ውሃ ይቀዳል፤ ሂሳቡ ግን የባለመኪናው ነው።

የባሰው የሚመጣው አሮጌዎቹ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የወጡት ጋዝ አር 12 ይባላል። የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ተወገዘ። አገራችን በ1994 ገባችበት፤ እንደኛ ላሉ አገሮች የመጨረሻው ቀነ ገደብ 2010 ነበር። ተተኪው አር 134ኤ ኦዞንን አይነካም። (ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይከፋል ተብሎ አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ ከአዳዲስ መኪኖቿ አስወጥታዋለች። እኛ ገና አንደኛውን ሳንጨርስ!)

ታዲያ አሮጌውን ጋዝ አስወጥቶ አዲሱን መክተት ብቻውን መቀየር አይባልም። የድሮው የኮምፕሬሰር ዘይት ከአር 134ኤ ጋር አይዋሃድም። ጋዙ ይዞራል፣ ዘይቱ አንድ ጥግ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት ሲሽከረከር ከርሞ አንድ ቀን ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ የድሮው ዘይት ወጥቶ ኤስተር ዘይት ይገባል። እርጥበት የሚመጠው ድራየር ይቀየራል፣ ያረጁ ጎሚኖች ይለወጣሉ። ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሳባል። ከዚያ ጋዙ በሚዛን ይገባል፤ ያውም ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 85 በመቶ ገደማ እንጂ እኩል አይደለም። ቱቦ በእጅ እየዳሰሱ «ቀዘቀዘ፣ በቃ» ማለት አይሠራም። የመሙያው አፍ ይቀየራል፣ የገባው ጋዝ ስምም ኮፈኖው ሥር ይለጠፋል፤ ነገ ሌላ መካኒክ መጥቶ እንዳይደባልቀው። ይህ ሁሉ ተደርጎም መንገድ ሲጨናነቅ ቅዝቃዜው ከድሮው ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚናገር መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት። «በርካሽ» ብሎ የማብሰያ ጋዝ ልሙላላችሁ ከሚል ግን ሽሹ። ቱቦው ያፈሰሰ ቀን እሳት ነው።

«አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። አዋሽን አልፎ ሎጊያና ሰመራ የሚነዳውን ይጠይቅ። ድሬዳዋን ይጠይቅ፣ ጋምቤላን ይጠይቅ።

«አሮጌውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ» እንዳንባል ደግሞ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። እሺ፣ ይሁን። ሰው ያለችውን አሮጌ እየጠጋገነ እንዲኖር ከተፈረደበት ግን በወጉ የሚጠግንለት ባለሙያ ማፍራት የማን ሥራ ነው? ዓለም አቀፍ ስምምነት መፈረምማ ቀላል ነው፤ እስክሪብቶ ይበቃል። ጋዙን መጥጦ የሚሰበስበው ማሽን ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ያ ማሽን የሌለው የጋራዥ ልጅ ቫልቩን ከፍቶ ጋዙን ወደ ሰማይ ቢለቀው እሱን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ማሽኑ ያለ ቀረጥ ይግባ፣ ልጁም ይሠልጥን፣ ከዚያ በኋላ የለቀቀ ይቀጣ።

ባለመኪናው እስከዚያ ብሩን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ቀዳዳው የት ተገኘ? የገባው ዘይት ምን ዓይነት ነው? ጋዙስ ስንት ግራም ነው? መልሱን ደረሰኙ ላይ ያስጽፍ። «አይ፣ እኛ በልምድ ነው የምንሠራው» ካሉት ቁልፉን ተቀብሎ ይውጣ።