«ፍቅር የለውም እንዴ?»

ባለፈው ክረምት የአጫጭር ልብወለዶቼን ረቂቅ ይዤ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ወጣሁ። አንድ መጽሐፍ አከፋፋይ ጋሼ ሦስት አራት ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ፍቅር የለውም እንዴ?» አሉኝ። «አለው» አልኩ። በአንደኛው ታሪክ ውስጥ አንዲት የሲዳማ እናት አሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲፍቁ ኖረው የጣታቸው አሻራ ጠፍቷል። ለዲጂታል መታወቂያ ሊመዘገቡ ሲሄዱ ማሽኑ «አላውቅሽም» ይላቸዋል፣ ያውም አንቺ እያለ። ልጃቸው ፕሮግራመር ነው። የገዛ እናቱን ከማሽን ጋር ማስተዋወቅ አቅቶት እንቅልፍ ያጣል። ከዚህ በላይ ፍቅር ከየት ላምጣ? ጋሼ ረቂቁን መለሱልኝና «ጎበዝ ነህ፣ ግን ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ብለው ሸኙኝ።

እንሰት የሚፍቁ እናት የፈረንጅ ነገር ሆኑ። በቃ።

እውነቱን ለመናገር በእሳቸው አልተቀየምኩም፤ የቤት ኪራይ አለባቸው፣ የማይሸጥ መጽሐፍ ቦታ ይይዝባቸዋል። የተናደድኩት ይቺኑ ዓረፍተ ነገር ከተማሩ ሰዎች፣ ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን ከሚሉ ጓደኞቼ አፍ ደጋግሜ ስለሰማኋት ነው። እነሱማ ጨምረውበት «ሳይንስ ሳይኖረን ምን የሳይንስ ልብወለድ?» ይሉኛል።

እሺ፣ እንነጋገር። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለች 72 ኪሎ የምትመዝን ሳተላይታችን ከቻይና ተነስታ ወደ ሰማይ ወጣች። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጣች፤ ሶፍትዌሯ ላይ ከሠሩት መካከል የአይኮግ ላብስ ልጆች ነበሩበት። እንግዳዋ ልትመጣ ስትል የሰውነቷ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፋ። ይሄን እኔ ፈጥሬ ብጽፈው «አጋነንከው» ትሉኝ ነበር። እዚሁ ሐዋሳ ደግሞ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ለማያዩት አገር ሸሚዝ ይሰፋሉ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፍሳሽ ሐይቁን እንዳይበክል ተጣርቶ መልሶ ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ ነው የተገነባው። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ይሄ ሁሉ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን ነው። የሳይንስ ልብወለድ ማለት እኮ ሮኬት ማለት አይደለም። አዲስ ማሽን ወይም አዲስ አሠራር በሰው ኑሮ መሀል ሲገባ ሰውየው ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው። ይሄ ጥያቄ ከእኛ በላይ ማንን ይመለከታል?

«አንባቢ የለም» የሚለውም አያስኬድም። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ስንት ጊዜ ታተመ? ሳይንቲስትና ሰላይ ከጣና ገዳማት ጋር የተቀላቀለበት መጽሐፍ ነው፣ ሕዝቡም ተሻምቶ አንብቦታል። ያኔ ማንም የፈረንጅ ነገር ነው ብሎ አልወረወረውም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? በእኔ እይታ፣ የአጭር ልብወለድ ቦታ ማጣታችን ነው። ዛሬ አንድ ጀማሪ ደራሲ ያለው ምርጫ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሙሉ መጽሐፍ ማሳተም ነው። የወረቀቱን ዋጋ ታውቁታላችሁ። በአንድ ጊዜ ያን ያህል ብር የሚከስር ሰው ደግሞ አይሞክርም፣ የተለመደውን ይጽፋል። የሳይንስ ልብወለድ የሚያድገው ግን በሙከራ ነው። አሥር ታሪክ ወጥቶ ስምንቱ ቢወድቅ ማንም የማይከስርበት መጽሔት ይፈልጋል።

ቻይናዊውን ሊዩ ሲሺንን ተመልከቱ። የኃይል ማመንጫ ጣቢያ መሐንዲስ ነበር። ታዋቂው «ዘ ትሪ ቦዲ ፕሮብለም» መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ቼንግዱ በሚታተም የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት ላይ በተከታታይ ነው። መጽሐፍ የሆነው በኋላ ነው፣ የሁጎ ሽልማትን ያገኘው ደግሞ በ2015። መጀመሪያ መጽሔቱ ነበረ። ናይጄሪያውያኑም እነ ኦሜናናን በ2014 ጀመሩ፤ ቢሊየነር አልጠበቁም።

እኛስ? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ «ጦቢያ»፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው ሮም ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ «ክራምብስ» የተባለው የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ወጣ። የተቀረጸው እዚህ አገር ነው፣ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ነው፤ ደራሲና ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ሰውየውን አመሰግነዋለሁ። ግን የራሳችንን ነገ ሌላ ሰው እስኪያስበው ድረስ እንጠብቃለን እንዴ?

አሁን ደግሞ ራሴን ልውቀስ። የእንሰቷን ታሪክ መጀመሪያ የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነበር፣ ውጭ አገር ልልከው። ግማሹን ገጽ እንሰት ምን እንደሆነ ሳስረዳ ጨረስኩት። ያኔ ገባኝ፣ የምጽፈው ለማያውቀኝ ሰው ነው። ያም በር እየጠበበ ነው፤ ክላርክስወርልድ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በማሽን የተጻፈ ታሪክ ስለጎረፈበት ለጊዜው መቀበል አቁሞ ነበር። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ሰርቨር»ና «ዳታ» ቢሮ እንደምንላቸው እንዳሉ ገቡ፣ እንሰት ማብራሪያ አልጠየቀም። መጨረሻውም ተቀየረ። በእንግሊዝኛው ማሽኑ ያውቃቸዋል። በአማርኛው ግን እናትየው ጎንበስ ብለው ማሽኑን «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። በሦስት ወር አንዴ የሚወጣ፣ ስድስት ታሪክ ብቻ የሚይዝ መጽሔት እንጀምር። መጀመሪያ በስልክ የሚነበብ ይሁን፣ አቅም ሲገኝ ይታተማል። ጨከን ያለ አርታኢ ይኑረው። ለደራሲው ትንሽም ብትሆን ይከፈለው፤ በነፃ የሚጻፍ ነገር በነፃ ነው የሚታየው። ብሩ ከየት ይምጣ ካላችሁ፣ ከእኛ። በኮድ እንጀራ የምንበላ ልጆች በየወሩ የማኪያቶ ያህል ብናዋጣ ይበቃል። የእኔን የመጀመሪያ ወር አስቀምጫለሁ። «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ሰውም ታሪክ ይላክልኝ፣ ፍቅር ያለበት።