ስብከቱን ማን ፈረመበት?

የዛሬው ጽሑፌ ጠንከር ይላል፤ የሚቀየም ወንድም ቢኖር አስቀድሜ ትዕግሥቱን እለምናለሁ። በቻትጂፒቲ ተጽፎ፣ ከስልክ ተገልብጦ፣ በእግዚአብሔር ስም ስለሚቀርብልን ስብከትና “ዕለታዊ ጥሞና” ነው የምናገረው። ይህ ልማድ ሰባኪውን ያደርቃል፣ መንጋውንም ያታልላል ብዬ እሞግታለሁ። የምሞግተውም መሣሪያውን ከሩቅ ሆኜ እየፈራሁ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ አብሬው እውላለሁ።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። በእኛ ቤት አዲስ ነገር የማይወጣበት ሳምንት የለም። ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት የኮድ መጻፊያው ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን መውጣቱን ይነግረኛል፤ ትናንት እጄ የለመደው ቁልፍ ዛሬ ቦታውን ቀይሮ ይጠብቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊትሀብ ኮፓይለት ለሙከራ ሲለቀቅ፣ የጀመርነውን መስመር ገምቶ ሲጨርስልን እንደ ተአምር ነበር ያየነው። ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ቻትጂፒቲ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ሳንለምድ ሌላው ይተካል። ዛሬ መሣሪያው ፋይሎቹን ራሱ ይከፍታል፣ ኮዱን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይሞክራል፣ ከዚያም “ጨርሻለሁ” ይላል። እኔም እጠቀምበታለሁ። ሁለት ቀን የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ በግማሽ ቀን ያስጨርሰኛል፤ በተረፈው ሰዓት ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ስለዚህም ጌታን አመሰግናለሁ።

“የአውሬው ሥራ ነው” ከሚሉት ወገን እንዳልሆንኩ ከዚህ ይታወቅ። ባርኮድ ሲመጣም፣ የኮቪድ ክትባት ሲመጣም ይኸው ተብሏል። ባርኮድ ባለበት ሳሙና እየታጠብን እዚህ ደርሰናል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እናውቃለን? የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ካነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል ያሰላል። ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አንድን ነገር የሚጽፈው እውነት መሆኑን አይቶ ሳይሆን ሊባል የሚችል ስለሚመስል ነው። ብዙ ጊዜ የሚመስለውና እውነቱ ስለሚገጥሙ እንጠቀምበታለን። ሳይገጥሙ ሲቀሩ ግን ድምፁ አይለወጥም። አያፍርም፣ አይንተባተብም፣ “እንጃ” ማለትም ብዙ አይወድም። እኛ የኮድ ሰዎች ይህን በየዕለቱ እናየዋለን። በዓለም ላይ የሌለ ላይብረሪ ስም ጠርቶ “ይህን ጫኑ” ይላል። ክፉ ሰዎችም ይህን አውቀው በዚያው በሌለው ስም መርዝ ያለበት ፕሮግራም አዘጋጅተው ሊጠብቁ እንደሚችሉ የደኅንነት ባለሙያዎች አስጠንቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ዳኛው የቀጣው ሰዎቹን ነው። መሣሪያውን የከሰሰ የለም።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ብቻ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቃላችንን እንደ ጎመን ከታትፈው ነው የሚያነቡት። ለመማሪያ ያገኙት የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ አይሞላም። ጥቅስ በአማርኛ ስጠይቀው ብዙ ጊዜ ከ1954ቱ ትርጉምና ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም ቆንጥሮ ማንም ያልተረጎመው ሦስተኛ ትርጉም ያመጣልኛል። ምዕራፉና ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቃሉ ግን በየትኛውም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ይህንን መድረክ ላይ የሚያነብ ሰው “እንዲህ ይላል እግዚአብሔር” ሲል ምን እያለ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ “ይህ ችግር እኮ በሚቀጥለው ቨርዥን ይስተካከላል፤ ያኔ ክርክርህ ይፈርሳል” ይለኛል። ስህተቱ ሊቀንስ ይችላል፤ እያየሁትም ነው። ዋናው ክርክሬ ግን በስህተቱ ላይ አልቆመም። አንዲት ስህተት የሌለባት፣ ጥቅሷ ሁሉ የተጣራ ስብከት ከመሣሪያው ወጣች እንበል። አሁንም እቃወማለሁ።

ምክንያቴን ከሙያዬ ልጀምር። በሶፍትዌር ሥራ ማንኛውም ኮድ ወደ ተጠቃሚው ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው ያየዋል። ያየውም ሰው ስሙን ያስቀምጣል። ጊት በሚባለው የኮድ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዷን መስመር ማን እንዳስገባት የሚያሳይ ትእዛዝ አለ፤ ስሙም “ብሌም” ነው፤ “ወቀሳ” እንደ ማለት። በክፍያ አፕ ላይ አንድ እናት የላኩት ብር ሁለት ጊዜ ቢቆረጥ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ የሚጮኸው ስሙ ከመስመሯ አጠገብ ባለው ሰው ዘንድ ነው። “ኮዱን የጻፈው ኤአይ ነው” ብሎ መልስ በእኛ ዘንድ የለም። አስገብተኸዋል፤ ያንተ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ድርጅት የለቀቀው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ድርጅቱ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ምን እንደ ተፈጠረ ለማስረዳት ተገደደ። ለኮምፒውተር እንዲህ ነው።

ለነፍስስ? የዕብራውያን መልእክት መሪዎቻችን ስለ ነፍሳችን ተጠያቂዎች እንደሆኑ ይነግረናል (ዕብ. 13፥17)። ያዕቆብም ብዙዎች አስተማሪ ለመሆን እንዳይቸኩሉ የሚያስጠነቅቀው ፍርዱ ስለሚከብድ ነው (ያዕ. 3፥1)። ለባንክ አፕ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለጉባኤ የምንነፍገው ለምንድን ነው? ዝም ብላችሁ አስቡት፦ እሁድ ጠዋት አምስት መቶ ሰው ተቀምጦ ይሰማል፤ የሚሰማውን ቃል ማንም አላሰበውም፣ ማንም አልጸለየበትም፣ ማንም አልፈረመበትም። የተናገረው ሰው እንኳ የመጨረሻውን ነጥብ ያየው ከእኛ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ነው።

ሕዝቅኤል ጥቅልሉን እንዲበላ ታዘዘ (ሕዝ. 3፥1-3)። እንዲያነብ ብቻ አልተባለም። በአፉ ጣፋጭ ሆነለት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እስራኤል ቤት የተላከው። ያ መልእክት በሆዱ በኩል አልፎ ነው የወጣው። በኤርምያስ ዘመን ደግሞ መልእክት እየተሰራረቁ የሚናገሩ ነቢያት ነበሩ፤ እግዚአብሔርም በእነርሱ ላይ ተነሣ (ኤር. 23፥30)። ልብ በሉ፤ የተሰረቀው ቃል ራሱ ሐሰት ነበር ተብሎ ብቻ አይደለም የተወቀሱት። በምክሩ አልቆሙም፤ ሳይላኩ ሮጡ። ዳዊትም አውድማውን በነጻ ውሰድ ሲባል እምቢ አለ፤ ምንም ያላስከፈለውን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብ አልወደደም (2ኛ ሳሙ. 24፥24)። የእኛ ዘመን አገልጋይ ግን አውድማውም፣ በሬውም፣ እንጨቱም በአሥራ አምስት ሰከንድ በስልኩ ላይ ይመጣለታል፤ ከዚያ “ጌታ በዚህ ሳምንት በልቤ ያስቀመጠውን” ብሎ ይጀምራል። በልቡ? ወንድሜ፣ በልብህ አላለፈም እኮ!

የሚያናድደኝ ይህ ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 2023 በጀርመን አገር፣ በፉርት ከተማ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን፣ በፕሮቴስታንቶች ታላቅ ጉባኤ ወቅት ዮናስ ዚመርላይን የተባለ የቪየና ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ሰው አብዛኛው በቻትጂፒቲ የተዘጋጀ የአምልኮ ፕሮግራም አቅርቦ ነበር። ከ300 በላይ ሰው ተገኝቶ በስክሪን ላይ ያለ ምስል ሲሰብክና ሲጸልይ 40 ደቂቃ ያህል ተከታተለ። አንዳንዶቹ ልብ የሌለው ነገር ነው ብለው ወጡ፤ አንዳንዶቹ ከጠበቁት በላይ መሥራቱ ገረማቸው። እኔ ያንን ፕሮግራም አልወደውም። ግን አንድ የሚከበር ነገር ነበረው፤ ማንም አልተታለለም። የሚሰሙት ምን እንደሆነ አስቀድመው ያውቁ ነበር። በእኛ ዘንድ መሣሪያው ከሰባኪው ጀርባ ተደብቆ ይናገራል፤ አሜን የሚባለው ለሰውየው ነው።

አንዲት የማውቃት እህት እናቷን ቀብራ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ ከምታገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ከአንድ መሪ በቴሌግራም ረጅም የማጽናኛ መልእክት ደረሳት። አማርኛው የተዋበ፣ ጥቅሱ የበዛ። ከላይ ግን ሳይሰረዝ የቀረ አንድ መስመር ነበር፦ “በእርግጥ! ለሐዘንተኛ የሚሆን መንፈሳዊ መልእክት እንደሚከተለው አዘጋጅቼልዎታለሁ።” የኮምፒውተር ሰው ስለሆንኩ “ይህቺ መስመር ምንድን ናት?” ብላ አሳየችኝ። ምንነቷን ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እንግዲህ የልቅሶ ቤታችንን አስቡ። ሰው ወደ ድንኳኑ ይገባል፣ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” ይላል፣ ንፍሮውን ዘግኖ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳይናገር ይቀመጣል። ንግግር የማያውቁት የሠፈር እናቶች ያደረጉላት ይኸንን ነው። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ የተበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው። ያ መሪ “አይዞሽ እህቴ፣ ነገ እመጣለሁ” ብሎ በተሰባበረ አማርኛ ቢጽፍላት ምን ጎደለባት?

“ወንጌል ሁልጊዜ አዲስ መሣሪያ ይጠቀማል” የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ታሪካችንም ይመሰክራል። ኦነሲሞስ ነሲብ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው ነው፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ሙሉውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በማተሚያ ማሽን አሳተመ። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ መዝሙርና ስብከት በካሴት እየተቀዳ ከቤት ወደ ቤት ዞሯል። ማተሚያውም ካሴቱም በጊዜያቸው ቴክኖሎጂ ነበሩ። ነገር ግን ማተሚያው ለኦነሲሞስ አልተረጎመለትም፤ ካሴቱም በዘማሪው ፈንታ አልታሰረም። የደከመው ሰው ነው፤ መሣሪያው የሰውን ድካም አራቀ፣ አበዛ። አሁን እያደረግን ያለነው ድካሙን ራሱን መሰረዝ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረብ ወይ አለማወቅ ነው ወይ ማደናገር።

ይህን ስል መሣሪያውን ከአገልጋዩ እጅ ንጠቁ ማለቴ አይደለም። የፊደል ግድፈት ያርምለት፣ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ያስረዳው፣ “ትዕግሥት የሚለው ቃል የት የት አለ?” ብሎ ይጠይቀውና መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ያረጋግጥ። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን እንኳ መርምረዋል (ሐዋ. 17፥11)፤ እኛ ስልካችንን ብንመረምር ነውር የለውም። ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ ማቆም እንዳለብን ግን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይነጋገሩ እንጂ ለእያንዳንዱ ሰባኪ ኅሊና ብቻ አይተው። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ስለዚህ መሣሪያ አጠቃቀም የተጻፈ ደንብ አለ፤ ምን መስጠት እንደማይገባን፣ ማን ማየት እንዳለበት ይናገራል። በአጥቢያችሁ አለ? ሐዘንተኛው፣ ትዳሩ የተናጋው፣ ኃጢአቱን በምስጢር የተናዘዘው ሰው ታሪኩ ከነስሙ ወደ መሣሪያው እየገባ “ምክር ጻፍልኝ” እየተባለ ከሆነስ? ያ ጽሑፍ የሚደርሰው በባሕር ማዶ ባለ የድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው። ይህ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በጣም የሚከብደኝ መልስ “ጊዜ የለኝም” የሚለው ነው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ብዙዎቹ ሰባኪዎቻችን ሳምንቱን ሙሉ ለእንጀራ ሲሮጡ ውለው፣ በነጻ የሚያገለግሉ ናቸው። ቅዳሜ ማታ ደክሟቸው ሲቀመጡ ስልኩ ሙሉ ስብከት ከነመግቢያው ሊሰጣቸው ዝግጁ ነው። እነርሱን አልወቅስም፤ የምወቅሰው በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ንግግር የምንጠይቃቸውን እኛን ነው። የአንድ ሰዓት ስብከት በየትኛው መጽሐፍ ታዘዘ? ያልተዘጋጀ ሰባኪ ወደ መድረክ ይውጣ፣ “ወገኖች፣ ሳምንቱ ከበደኝ፣ አልተዘጋጀሁም” ይበል፣ አንድ ምዕራፍ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ቀስ ብሎ ያንብብልንና ይቀመጥ። እኛም በቀረው ሰዓት ለእርሱ እንጸልይለት።