ነፃ ትምህርትና ለወላጅ የሚቀረው ወጪ

መንግሥት የልጆችን ትምህርት ዋጋ ከግምጃ ቤቱ መክፈል ሲጀምር፣ ብዙ ወላጆች «እንግዲህ ወጪያችን ቀረልን» ብለው ያስባሉ። ነገር ግን መንግሥት የሚከፍለው የትኛውን እንደ ሆነ፣ ለቤቱም የሚቀረው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ቤት ለሚያስተዳድር ሁሉ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጻችን ኡጋንዳንና ኬንያን አስተያይተን ለመጻፍ ወደድን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኡጋንዳ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ያለ ክፍያ ያደረገችው በ1997 ነው። በመጀመሪያ የተፈቀደው ከአንድ ቤት ለ4 ልጆች ነበር፤ በኋላ ግን ወሰኑ ተነሥቶ ለሁሉም ሆነ። 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የተማሪዎች ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊዮን አለፈ። መንግሥቱም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላለው ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 5,000 ሽልንግ፣ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ላለው 8,100 ሽልንግ ለትምህርት ቤቶች መደበ።

ኬንያም በ2003 ይህንኑ መንገድ ተከተለች። 5.9 ሚሊዮን ያህል የነበሩት ተማሪዎች 7.2 ሚሊዮን ያህል ሆኑ። ለያንዳንዱ ልጅ በዓመት የተመደበው 1,020 የኬንያ ሽልንግ ሲሆን፣ ከዚሁ 650ው ለመጽሐፍ፣ ለደብተርና ለመሳሰለው፣ 370ው ለጥገናና ለልዩ ልዩ ሥራ ነበር። የመምህራን ደመወዝ በሁለቱም አገር ከዚህ ውጭ በመንግሥት የሚከፈል ነው።

ይህን በየዘመኑ ምንዛሪ ወደ ዶላር ብንመልሰው፣ የኡጋንዳው ለታናናሾቹ ከ5 ዶላር ያነሰ፣ ለታላላቆቹ 7 ዶላር ተኩል ያህል ነበር፤ የኬንያው ግን ከ13 ዶላር ይበልጥ ነበር። በመካከላቸው 6 ዓመት ስላለና የዕቃውም ዋጋ በሁለቱ አገር አንድ ስላልሆነ ልኩ ይህ ነው ለማለት ባይቻልም፣ ልዩነቱ ትንሽ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ሆኖም የተመደበው ሁሉ የደረሰ አይደለም። በኡጋንዳ ከ1991 እስከ 1995 ድረስ በተደረገው ምርመራ፣ መንግሥት ከደመወዝ ሌላ ለትምህርት ቤቶች ከመደበው ገንዘብ የደረሳቸው ከመቶ 13 እጅ ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ የቀረው በየአውራጃው ቀርቶ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚላከው ገንዘብ ልክ በጋዜጣ እንዲታተምና በየትምህርት ቤቱ እንዲለጠፍ ታዘዘ። በ2001 የሚደርሰው ከመቶ 80 እጅ በላይ ሆነ። መንግሥት ሌላም ማሻሻያ አድርጎ ነበር፤ ቢሆንም ወላጅ የልጁን ድርሻ ማወቁ ብዙ እንደ ረዳ አይጠረጠርም።

ገንዘቡ ቢደርስም ደግሞ ለቤቱ የሚቀር ሸክም አለ። በኡጋንዳ በ1997 1ኛ ክፍል ከገቡት ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች፣ በ2003 7ኛ ክፍል የደረሱት ሩብ እንኳ አልሞሉም። ክፍሎች መጣበባቸውና መምህራን ማነሳቸው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የምሳና የልብስ ነገር ነው፤ በ2008 የወጣው የኡጋንዳ የትምህርት ሕግ ምግብና ልብስን በወላጅ ላይ አድርጎታል። በኬንያም ክፍያው ሲቀር የደንብ ልብስ መግዛት በወላጅ ላይ ቀርቶ ነበር። ለድኻ ቤት ግን ከሁሉ የሚከብደው በቍጥር የማይጻፈው ነው፤ ውሃ የምትቀዳውና ታናናሾቿን የምታዝለው ልጅ ትምህርት ቤት ስትውል ሥራዋን የሚሠራ ሌላ እጅ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ አስቀድማ ከትምህርት የምትቀረው እርሷ ናት።

በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ የትምህርት ክፍያ መቅረቱ ይታወሳል፤ ስለዚህ የጎረቤቶቻችን ታሪክ ለእኛም ምክር ይሆናል። እናቶችና አባቶች ሆይ፤ አዝመራው ሲገባ ወይም ደመወዝ ሲቀበሉ የደብተሩን፣ የልብሱንና የምሳውን ዋጋ አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የቤቱንም ሥራ ለወንዱም ለሴቷም ልጅ አስተካክሎ ማካፈል ይገባል። በወላጆች ስብሰባም «ለልጆቻችን የተመደበው ስንት ነው? በምንስ ላይ ዋለ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። መንግሥት በሩን ይከፍታል፤ ልጅቱን በየማለዳው ወደዚያ በር የሚያደርሳት ግን ቤቷ ነው።