ያለ ወረቀት ልጅ አይባረር፦ ለቦርደዴ ወላጆች፣ መምህራንና የወተመህ አባላት የቀረበ ጥሪ

ልጅ ከትምህርት ቤት የሚባረረው በደብዳቤ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚባረረው በቃል ነው፤ ያውም በለሰለሰ ቃል። «እስኪረጋጋ ቤት ይቆይ።» «አዲስ አበባ እንደሱ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ቦታ አለ ይባላል።» «ሌሎቹን ይረብሻል፤ ለራሱም አልጠቀመው።» እናት አንገቷን ደፍታ ልጇን ይዛ ትመለሳለች። ወር ሲሞላ በስሙ ትይዩ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ ያበቃል። ማን አባረረው ቢባል መልስ የሚሰጥ የለም።

ይህ ጥሪ የሚመለከተው የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ የመስማት ወይም የማየት ችግር፣ የሚጥል በሽታና የመሳሰለው ያለበትን ተማሪ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለ ተማሪ በቅጣት ከአንድ ቀን በላይ ከክፍል ከመራቁ በፊት ወላጁ ተጠርቶ «ልጁ ይህን ያደረገው ከጉዳቱ የተነሳ ይሆን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱና ውሳኔው በጽሑፍ ይስፈር።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያጣውም። አጥርታ የማታይ ልጅ ሰሌዳው ስለሚደበዝዝባት ወደ ጓደኛዋ ደብተር ታጋድላለች፤ ሞኒተሩ ስሟን «ረባሾች» ከሚለው ስር ይጽፋል፤ በፈተና ቀን ደግሞ ኩረጃ ይባልባታል። አንድ ጆሮው የማይሰማ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩ ሦስት ጊዜ ቢጠሩት ዝም ይላል፤ ንቀት ይመስላል። የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ መሬት ላይ አይጥልም፤ ልጁ ለጥቂት ሰኮንድ ፈዝዞ ይቀርና ሲመለስ የተጠየቀውን አያውቀውም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደወሉና የተማሪው ጫጫታ አንድ ላይ ሲሆኑበት ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፣ ወይም ተነስቶ ይሮጣል። አራቱም በአንድ ዓይን ታይተው ወደ ዩኒት ሊደር ቢሮ ቢላኩ ቅጣቱ ምን ያስተምራቸዋል? የመጀመሪያዋ የሚያስፈልጋት የፊት ወንበር ነው።

ጥያቄያችን ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰን ማናቸውም ነገር ደህንነታቸው መቅደም እንዳለበትም ያዛል። ስለዚህ አርጩሜ ለማንም ተማሪ አልተፈቀደም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት እንዳይገለል፣ የሚያስፈልገውም እንዲመቻችለት ያስገድዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 እንዲህ ያለውን ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱም ስምምነቱም ዩኒት ሊደሩ ልጁ በሚጮህባት ደቂቃ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አይዘረዝሩም። ያንን ክፍተት የትምህርት ቤቱ የውስጥ ደንብ ሊሞላው ይችላል፤ ደንቡ ላይ ደግሞ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ድምፅ አለው።

ሌላ አገር በዚህ መንገድ ሄዷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የትምህርት ባለሥልጣናቱ ክርክር «አደገኛ ነው ያልነውን የልዩ ፍላጎት ተማሪ በራሳችን ሥልጣን ማባረር እንችላለን» የሚል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። በዚያው አቆጣጠር በ1997 የአገሪቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ሲሻሻል ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ለማገድ ሲወሰን ወላጅና መምህራን አብረው ተቀምጠው ጥፋቱ ከጉዳቱ የመነጨ መሆን አለመሆኑን እንዲመረምሩ ግዴታ ሆነ። ይህን ለማድረግ የአሜሪካ በጀት አያስፈልግም፤ አራት ወንበርና አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

መምህራንን ለመውቀስ አልተነሳንም። በቦርደዴ ሙቀት በተጨናነቀ ክፍል ማስተማር ቀላል አይደለም፤ አንድ ልጅ ሌላውን ሲደበድብም ዝም ይባል አላልንም። የተመታው ልጅም መብት አለው። ለጊዜው ከክፍል ማውጣት ካስፈለገ ይውጣ፤ ግን ከአዋቂ ጋር ይሁን፤ በር ላይ ብቻውን አይጣል። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶና ጭሮ የሚያልፈው አስፋልት ቅርብ ነው፤ ከባድ መኪናውም የሚበርረው አይሱዙም ለሚሮጥ ልጅ አይቆሙም። በትምህርት ሰዓት ልጅ መንገድ ዳር ያየ ባለሱቅ ወይም ባለባጃጅ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ከማባረር ይልቅ እጁን ይዞ ወደ ግቢው ይመልሰው።

የወተመህ አባላት ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን ውሳኔ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ወላጅ ሳይጠራና ውሳኔው ሳይጻፍ የጉዳት ምልክት የታየበት ተማሪ ከአንድ ቀን በላይ አይታገድ በሉ። አንድ ቀን ያልነው ሆን ብለን ነው፤ «ለሳምንት» የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለመምህራን ያለን ጥያቄ ትንሽ ነው፦ ልጁ ከመረበሹ በፊት የሆነውን ለሁለት ሳምንት በማስታወሻ ያዙ። ሁልጊዜ ከደወል በኋላ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ከሰሌዳ መገልበጥ ሲጀመር ከሆነ፣ መፍትሔው ከዚያው ይገኛል። የጭሮ መምህራን ኮሌጅና የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያግዝ ባለሙያ ለአንድ ቅዳሜ እንኳ ወደ ቦርደዴ እንዲልኩ እንጠይቃለን።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ችግር አትደብቁ። ሐሜቱ እንደሚያም እናውቃለን፤ «የእርግማን ነው» የሚለው ወሬም አልጠፋም። ሆኖም ትምህርት ቤቱ የማያውቀውን ጉዳት ግምት ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። በምዝገባ ቀን ከጤና ጣቢያ ያገኛችሁትን ወረቀት አብራችሁ አስገቡ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ትምህርት ቤቶች ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሲመልሱባቸው ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጡት፤ በአውሮፓውያኑ 2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ማዕከል ክፈቱ አንላችሁም። ማመልከቻ ግን ጻፉ።

ማመልከቻውን ለርእሰ መምህሩ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ በእናንተው ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ ያኑርበት። የአካባቢው የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ ቋንቋ መጻፍ የሚቸግራችሁ የጎረቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ለምኑ። መልስ ካጣችሁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ጭሮ ወዳለው የዞኑ ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም፤ ይህን ወደ አፋን ኦሮሞ መልሳችሁ ጻፉት፦

«ልጄ ከ____ ቀን ጀምሮ ወደ ክፍል እንዳይገባ በቃል ተነግሮኛል። ምክንያቱና ውሳኔውን የሰጠው አካል በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ልጄ ያለበት ጉዳት ግምት ውስጥ ገብቶ ጉዳዩ እኔ ባለሁበት እንዲታይ፣ እስከዚያም ትምህርቱን እንዲቀጥል አመለክታለሁ። ግልባጭ፦ ለትምህርት ቤቱ ወተመህ፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት።»