በውሃ ዳር ረግረግ ላይ ለሚሠራ ሕንፃ ፈቃድን አስቀድሞ ስለ መመርመር

የውሃ ዳር ረግረግ በበጋ ለሚያየው ሰው ሥራ ፈት መሬት ይመስላል። ስለዚህ አፈር ደልድሎ ቤት የሚሠራበት ሰው አገር እንዳለማ ይቈጠርለታል። ነገር ግን ረግረግ ሥራ ፈቶ አያውቅም። የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ያዘገየዋል፤ ደለሉን በሣሩ ሥር ያስቀረዋል፤ ለዓሣ መራቢያ፣ ለከብትም የበጋ ግጦሽ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያለ ደመወዝ ስለሚሠራ ዋጋው የሚታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ የሚገኘው የሉዊዚያና የባሕር ጠረፍ ምስክር ነው። ይህ አገር በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1932 እስከ 2016 ድረስ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል የጠረፍ መሬት አጥቷል። የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ለዳር በተሠራ ግንብ ስለ ታጠረ ደለሉ ወደ ረግረጉ መድረሱን ተወ፤ ለነዳጅ ዘይትና ለመርከብ የተቈፈሩት ቦዮችም ጨዋማውን ውሃ ወደ ውስጥ አስገቡ። በ2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ የኒው ኦርሊንስ ከተማ መከላከያ ግንቦች ተደረመሱ፤ በዚያም መከራ ከሺህ የሚበልጥ ሰው ሞተ። የማዕበሉን ኀይል በመጠኑ ሊያደክም ይችል የነበረው ረግረግ አስቀድሞ ሳስቶ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በእንዲህ ያለው ነገር ይፈጸማል።

የአሜሪካ መንግሥት በ1972 ባወጣው የውሃ ንጽሕና ሕግ ክፍል 404 መሠረት፣ በሕጉ በሚጠበቅ ረግረግ ውስጥ አፈር ወይም ድንጋይ መድፋት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ከጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ፈቃድ መቀበል አለበት። መርማሪዎቹም ሦስት ነገር በተራ ይጠይቃሉ። ሥራው በሌላ ስፍራ ሊሆን ይችላልን? ካልተቻለስ ጉዳቱ በምን ይቀነሳል? ሊቀር በማይችለው ጉዳት ፈንታስ የትኛው ረግረግ ይታደሳል? የዚህ ሥርዐት ጥበቡ በተራው ላይ ነው፤ ካሣ የሚታሰበው በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይደለምና።

ጥያቄው ከድልደላው በኋላ ሲመጣ ግን ፍጻሜው ክርክር ነው። በአይዳሆ አገር ፕሪስት በተባለው ሐይቅ አጠገብ ባለ ይዞታዎች ቤት ለመሥራት በ2007 መሬታቸውን ደለደሉ፤ መንግሥትም ረግረግ ነውና ወደ ቀድሞው መልሱ ብሎ አዘዛቸው። ክርክሩ እስከ 2023 ድረስ ቆይቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለባለ ይዞታዎቹ ፈረደ፤ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር በምድር ላይ ሳይቋረጥ ያልተያያዘ ረግረግ በዚህ ሕግ እንዳይጠበቅም ወሰነ። ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። ባለ ይዞታው የሚከለከለውን አስቀድሞ በግልጥ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ደግሞም ውሃ በመሬት ሥር የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ከሕግ ወሰን ውጭ የቀረ ረግረግ ሁሉ ከሐይቁ የተለየ ነው ማለት አይደለም።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የሐይቅ ዳር ረግረግ አላት። በጣና ዙሪያ ለታንኳ የሚሆነው ደንገል የሚበቅለው፣ አምባዛም በክረምት ወጥቶ የሚራባው በዚሁ ዳርቻ ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1995 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይፈቀድ እንዳይጀመር ደንግጓል። ፈቃድ ማግኘቱም ሠሪውን ላደረሰው ጉዳት ከመጠየቅ አያድነውም። ትንሹ ቤት ሁሉ በዚህ ግምገማ ባያልፍም፣ የብዙ ትንንሽ ቤቶች ድልደላ ተደማምሮ አንድ ትልቅ ሕንፃ የሚያደርሰውን ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ቦታ የሚሰጠው ሹም ለትንሹም ቤት ቢሆን እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባዋል።

ፈቃድ ልማትን ያዘገያል የሚሉ ሰዎች አሉ። ወረቀት በየጠረጴዛው እየዞረ ባለ ጉዳይ ሲጉላላ ይህ ቅሬታ እውነት ይሆናል። መድኀኒቱ ግን ምርመራውን መተው አይደለም፤ ቀን ቈርጦ መርምሮ እሺ ወይም እምቢ ማለት ነው። የአንዱ ድልደላ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይገፋዋልና፣ ጎረቤቱ ሳይሰማ የተሰጠ ፈቃድ ፍርድ የጎደለው ነው።

ይልቁንም መርማሪው መሬቱን በየትኛው ወር እንዳየው ሊመዘገብ ይገባል። በሚያዝያ ደርቆ የተሰነጠቀ ሜዳ በነሐሴ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ሹም በበጋ ማመልከቻ ሲቀርብለት የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ዓሣ አጥማጆች ጠርቶ ውሃው በክረምት እስከየት እንደሚደርስ ይጠይቅ፤ ምልክትም ያስተክል። ጥርጥር ቢኖር ክረምቱ እስኪያልፍ ይቈይ። አንድ ክረምት መታገሥ ለባለ ቤቱም ሆነ ለአገሩ ከብዙ ዓመት ክርክርና ከጎርፍ ጉዳት የቀለለ ነው።