ብራናው በፓሪስ፤ ተማሪው በጎንደር

ጎንደር ላይ በታሪክ፣ በቋንቋ ወይም በሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት የሚማር ሰው «ስትጨርስ ምን ትሆናለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ መምህር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመለሳል። ይኸን የምንጽፈው ማስተማርን ንቀን አይደለም። ነገር ግን ዓመታት ሙሉ በብራና ላይ ዓይኑን ያፈሰሰ ሰው ከመግቢያ ኮርስ በቀር ሌላ በር ካልተከፈተለት፣ አገር የከፈለችበትን ዕውቀት ሣጥን ውስጥ ቆልፋ አኖረች ማለት ነው።

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የ70 በ30 መመሪያ መሠረት ከመቶ ተማሪ 70ው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30ው ለቀረው ትምህርት ሁሉ እንዲመደብ ተደርጎ ነበር። ቁጥሩ የቅበላ ቁጥር ነበረ፤ አስተሳሰቡ ግን ከቅበላ አልፎ ሄደ። ከመካከላችን አንዱ፣ አንድ መሥሪያ ቤት «የባህል ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ አይቶ ማስረጃውን ይዞ ቢገባ፣ «ትምህርትህ ለመደቡ በዝቷል» ተብሎ ተመለሰ። ሲያንስ ያባርራል፣ ሲበዛም ያባርራል፤ ልኩ ስንት እንደ ሆነ የሚነግረን አላገኘንም።

ሥራ የለም የሚሉን ሰዎች ሥራው በእግራቸው ሥር ባለበት ከተማ ቆመው ነው የሚናገሩት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካከማቹት መጻሕፍት መካከል 350 ያህሉ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሻግረው ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቢ ሆኑ። በ1924 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀመጠ። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው አዲስ ቅጂ አስሥሎ ለጠፈ፤ ዋናው ለፓሪስ፣ ቅጂው ለባለቤቱ! ያ ቡድን የሰበሰባቸው ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ግሪዮል ኋላ በሶርቦን ፕሮፌሰር ሆነ። ባልደረባው ሚሼል ሌሪስም ጎንደር ላይ ስለ ዛር የጻፈውን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1958 መጽሐፍ አድርጎ አወጣ፤ ዕድሜውንም በፓሪስ ሙዚየም በተመራማሪነት ኖረ። የጎንደር አንድ ክረምት ለፓሪስ ሊቃውንት እንጀራ ከሆነ፣ ለጎንደር ልጅ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ካታሎግ ማዘጋጀትም ሥራ ነው ወይ ለሚለን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን እንጠቅሳለን። ከደርግ ጥይት ተርፈው የተሰደዱት እኒህ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ባገራችን በማይክሮፊልም የተነሡትን መጻሕፍት በሚኒሶታ ተቀምጠው ሲያነቡና ሲዘረዝሩ ለብዙ ዓመታት ደመወዝ ተከፍሏቸዋል፤ የዓለም ሊቃውንትም አክብረዋቸዋል። ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስለ መሬትና ስለ ማኅበረሰብ የሚናገረው መጽሐፍ አብዛኛውን ምንጩን ያገኘው ቄሶቻችን በወንጌል ኅዳግ ላይ ከጻፉት የርስትና የጉልት ውል ነው። ዘለዓለም ልየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ቅማንትኛ በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ቀርቶ ሳለ ሰዋስዉን መዘገበልን። እነዚያ ሽማግሌዎች እስኪሾምልን የሚጠብቁን አይደሉም።

አገሩ ድኻ ነው፣ አስቀድሞ ሐኪም ያስፈልጋል የሚለውን ክርክር እንሰማለን። እውነት ነው። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ መከፈቱ ትክክል ነበረ፤ ከሐኪሙ ደመወዝ ቀንሱልን የሚልም ከመካከላችን የለም። የምንለው፣ በየሀገረ ስብከቱና በየሙዚየሙ የብራና መዝጋቢነት መደብ ይከፈት፤ የበአታ የአቋቋም መምህር ለዜማ ተመራማሪ ሁለተኛ አማካሪ ሆነው አበል ይቆረጥላቸው ነው። ዛሬ የድጓውን ሊቅ ለሁለት ወር ደጅ ጠንተን ዕውቀታቸውን ወስደን፣ በመመረቂያው ጽሑፍ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 4» ብለን እንጽፋቸዋለን። ግሪዮልን ለመውቀስ አፋችን የሚደፍረው ከዚህ በኋላ ነው።

የራሳችንንም ጉድለት አንሸሽግም። ከለንደንና ከፓሪስ መጻሕፍት ብዙዎቹ በፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት ተለቅቀዋል፤ ከመካከላችን ግን ግዕዝ አቃንቶ የሚያነብ ጥቂት ነው። አርእስት ስንመርጥም ከወንበራችን ሳንነሣ የሚያልቀውን እንወዳለን። በርግጥ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ጃናሞራ ገዳማት መውጣት ለነጋዴም የሚያስፈራ ሆኖ ከርሟል። ብራናውም ያው እዚያው አደጋ ውስጥ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ምን ምን መጽሐፍ እንደ ጠፋ በዝርዝር ልናውቅ ያልቻልነው አስቀድሞ የተሟላ መዝገብ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ የመደቡን ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሚመለከታቸው እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። የዶክትሬት ተማሪዎች የሆናችሁ ሁሉ፣ ግዕዝ የምታነቡም የማታነቡም፣ ስማችሁንና የምታጠኑትን አርእስት ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። ጥያቄውን ይዘን ስንገባ መጀመሪያ የሚጠይቁን ስንት እንደ ሆንን ነው።